ደም አምቡላንስ አይጠብቅም

ለአንድ ወረዳ አምቡላንስ ሲሰጥ ሪባን ይቆረጣል፣ ሳይረን ይጮኻል፣ ፎቶ ይነሣል። በማግስቱ የድንገተኛ ሕክምና «ተስፋፋ» ይባላል። የተስፋፋው ግን ጎማ ነው።

ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብላ ያለችውን የገጠር ቀበሌ ዋሂልን እንይ። አንድ ባጃጅ ተገልብጦ የወጣት ጭን ተቀደደ እንበል። ትልቁ የደም ሥር ከተበጠሰ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ አልቆ ሊሞት ይችላል። አምቡላንሱ ጥሪው እንደደረሰው ከከተማ ቢበር እንኳ ሞት ይቀድመዋል። በዚያች ሰዓት ከልጁ አጠገብ ያሉት እረኛው፣ ጫት ሻጯና ሾፌሩ ናቸው። የድንገተኛ ሕክምና የመጀመሪያ ባለሙያዎች እነሱ ነበሩ፤ ማንም አላስተማራቸውም እንጂ።

ሰዉ ዝም ብሎ አያይም። አንዱ በብብቱ፣ ሌላው በእግሩ ይዞ ያነሣዋል፤ ሌላዋ ውሃ ታጠጣዋለች። ርኅራኄው ሞልቷል፤ የጎደለው የግማሽ ቀን ትምህርት ነው። የለበሱትን ሽርጥ አጣጥፎ ቁስሉ ላይ አድርጎ በሙሉ ክብደት መጫን፣ «ቆመ ይሆን?» እያሉ ደጋግሞ አለመግለጥ፣ ራሱን ስቶ የሚተነፍሰውን በጎኑ ማስተኛት። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም።

ሥልጠና ሲባል ግን ወደ ዓይናችን የሚመጣው የከተማ አዳራሽ፣ የእንግሊዝኛ ስላይድና የውሎ አበል ነው። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሰመመን ባለሙያ የነበረው ክብረት አበበ ቤቱን ሸጦ እ.ኤ.አ. በ2008 ጠብታ አምቡላንስን ማቋቋሙን ብዙዎቻችን በአድናቆት እናወራለን። በወሬያችን የሚደምቁት የተሸጠው ቤትና የተገዙት መኪናዎች ናቸው፤ ድርጅቱ ባለሙያና ተራ ሰው ማሠልጠኑ ግን ከወሬው ይቀራል። መኪና ያረጃል፤ የተማረ እጅ ግን ባለበት ሁሉ ይሠራል።

«ያልተማረ ሰው ቢነካው ያብስበታል» የሚሉ አሉ። እየነካው እኮ ነው! ምርጫው በነካና ባልነካ መካከል ሳይሆን አውቆ በነካና ሳያውቅ በነካ መካከል ነው። ጋናውያን ይህ ቀድሞ ገብቷቸዋል። በዚያ አገር 335 የንግድ መኪና ሾፌሮች የ6 ሰዓት ሥልጠና ወሰዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ጥናት እንደሚለው፣ በኋላ ከተጠየቁት ውስጥ ከግማሽ በላዩ ለተጎጂዎች የመጀመሪያ ርዳታ ሰጥተዋል፤ አሰጣጣቸውም ተሻሽሏል። አምቡላንስ እስኪገዛላቸው አልጠበቁም።

አምቡላንስ ይቅር አላልኩም። ሆድ ውስጥ የሚፈስን ደም ሽርጥ አያቆመውም፤ ጭኑ የተቀደደው ያ ልጅም በፍጥነት ድሬዳዋ ወዳለው ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ወደ ቀዶ ሐኪም መድረስ አለበት። አንዴ የተሰጠ ሥልጠናም ካልታደሰ ይረሳል። ስለዚህ አምቡላንስ ሲገዛ ከነዳጁና ከጥገናው ጎን አንድ የበጀት መደብ ይጨመር፦ በየዓመቱ፣ በገበያ ቀን፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ፣ ለሾፌሩም ለእረኛውም ለነጋዴዋም የሚሰጥ ትምህርት።

እስከዚያው በሚቀጥለው የርክክብ ሥነ ሥርዓት ላይ ቁልፉን የሚረከበውን ሹም አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ መኪናው ዋሂል እስኪደርስ ቁስሉን የሚጫነው ማን ነው? ስሙን ካልነገራችሁ ሪባኑ ሳይቆረጥ ይቆይ።