የቆመ ላንድክሩዘርም ዋስትና ይፈልጋል

በጂንካ ላንድክሩዘር የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ቱሪስቱን ወደ ቱርሚ፣ ወደ ዲመካና ወደ ማጎ ፓርክ የሚያደርሰው እሱ ነው። ግን ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። የበልግ ዝናብ ሲመጣ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ እንግዳው ይጠፋል፣ መኪናው ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ ይቆማል። በኮቪድና በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ደግሞ የቱሪስት መኪኖች ለረጅም ወራት ቆመዋል።

አረቦኑ ግን ዝናብ ዘነበ ብሎ አይቀንስም። ሙሉ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው በዓመት ስለሆነ፣ ግማሹን ዓመት የሚቆም መኪናም ሁልጊዜ እንደሚሮጥ ተቆጥሮ ይከፈልበታል። ገቢው የሳሳ ባለቤት ሙሉውን ትቶ ሦስተኛ ወገን ብቻ ቢይዝ አይፈረድበትም። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ያደረገውም ይህንኑ ነው።

ችግሩ ሦስተኛ ወገን የሚክሰው መኪናው የጎዳውን ሰውና ንብረት እንጂ መኪናውን አለመሆኑ ነው። ቆሞ ቢቃጠል፣ ቢሰረቅ ወይም ጎርፍ ቢወስደው ባለቤቱ ባዶ እጁን ይቀራል። ጎርፍ ደግሞ ለደቡብ ኦሞ እንግዳ አይደለም፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ከ300 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ሁለተኛው ቀዳዳ ዋጋ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የመኪናም ዋጋ ተከተለው። 6 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና ውሉ ላይ 3 ሚሊዮን ተብሎ ከቀረ፣ የ400 ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስበት ካሳው 200 ሺህ ሊሆን ይችላል።

በብሪታንያና በአሜሪካ የአሮጌ መኪና ሰብሳቢዎች ለዚህ መላ አላቸው። መኪናው ለቆመበት ወቅት እሳትንና ስርቆትን የሚሸፍን ርካሽ ውል ይገዛሉ፤ ዋጋውም አስቀድሞ በስምምነት ይጻፋል። ለትርፍ ጊዜ መኪና የተገኘ መላ ለእንጀራ መኪና እንዴት ይነፈጋል?

ኩባንያዎች «መኪናው አለመንቀሳቀሱን በምን እናውቃለን?» ሊሉ ይችላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ቀላል ነው። ሲቆምና ሲነሳ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይመዝገብ፣ የሚያድርበት ግቢ ይታይ፣ ሳያሳውቅ ያሽከረከረ ሽፋኑን ይጣ።

እስከዚያው ባለቤቶች ውል ከማደሳቸው በፊት ዋጋውን ያስተካክሉ፤ ጎርፍ መካተቱን ያንብቡ፤ ለሚቆምባቸው ወራት ቅናሽ በማኅበራቸው በኩል በጽሑፍ ይጠይቁ። አንድ ባለቤት ብቻውን ቢጠይቅ ላይሰማ ይችላል፤ ሃምሳ መኪና ይዞ የሚመጣን ማኅበር ግን የትኛውም ኩባንያ በቀላሉ አይመልስም።