የእኛስ ተራ መቼ ነው?

ባለፈው የግድግዳ ጋዜጣችን እትም ላይ አንድ ወንድማችን «ሴት ተማሪን የሚያዋጣት ደብተሯ እንጂ ኳስ አይደለም» በማለት የጻፈውን ብዙዎቻችሁ ሳታነቡት አልቀራችሁም። ጽሑፉ ተደክሞበታል፤ ሐሳቡም የክፋት አይደለም። አንዳንድ እህቶቼም ከሰሌዳው ፊት ቆመው ሲያነቡ «እውነቱን ነው» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። እኔ ግን አንብቤ ስጨርስ ሆዴ አልተቀበለውም። ለምን እንዳልተቀበለው ለመናገር ነው ብዕር ያነሳሁት። ወንድማችን እንደማይቀየመኝ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የግድግዳ ጋዜጣ የተሰቀለው ለመወያየት ነውና።

በቅድሚያ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ባለፈው ሴሚስተር ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት የስድስተኛ ክፍል የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ደርሶኝ ነበር። ተማሪዎቹ ስልሳ ያህል ናቸው፤ ኳሱ አንድ፣ ሜዳውም አንድ። ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? ኳሱን ለወንዶቹ ወረወርኩላቸው፣ ለሴቶቹ የሚዘሉበት ገመድ ሰጠኋቸው፣ ራሴ ደግሞ ከዛፉ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ የሒሳብ ደብተር ማረም ያዝኩ። እንዲህ አድርጊ ብሎ ያዘዘኝ ሰው የለም። ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ ሲደረግ ስላየሁ እጄ የለመደውን ሠራ። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ቀጭን ልጅ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ መጣችና «ቲቸር፣ የእኛስ ተራ መቼ ነው?» አለችኝ። «ቆይ፣ ወንዶቹ ይጨርሱ» አልኳት። ደወል ተደወለ፤ ወንዶቹ አልጨረሱም ነበር። ልምምዴ አለቀና ተመለስኩ። የልጅቷን ስም እንኳ አልያዝኩም፤ ጥያቄዋ ግን እስከ ዛሬ ይከተለኛል።

ይህ ጥያቄ በሆዴ እያለ ነው የአንዲት ናይጄሪያዊት አጥቂን የኑሮ ጉዞ ተከታትዬ ያነበብኩት። ስሟ አሲሳት ኦሾዋላ ይባላል። ኳስ የምትከታተሉ ታውቋታላችሁ፤ ለማታውቋት ግን ባጭሩ ላውጋችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

አሲሳት የተወለደችው በ1994 በሌጎስ ግዛት ኢኮሮዱ በምትባል ከተማ ነው። ትምህርቷን ትታ ኳስ ስትከተል ወላጆቿ አልወደዱላትም፤ የደገፈቻት አያቷ እንደነበረች ራሷ ተናግራለች። ኤፍ ሲ ሮቦ በሚባል ክለብ ጀምራ ወደ ሪቨርስ ኤንጅልስ ተዛወረች። በ2014 ካናዳ ላይ በተደረገው ከ20 ዓመት በታች የሴቶች የዓለም ዋንጫ አገሯ ለፍጻሜ ደርሳ በጀርመን 1 ለ 0 ተሸነፈች። እሷ ግን 7 ጎል አግብታ የኮከብ ግብ አግቢነቱንም የኮከብ ተጫዋችነቱንም ሽልማት ጠቅልላ ወሰደች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 19 ነበር። ከብዙዎቻችን ታንስ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ እንዲሁ ሲሰሙት ተረት ይመስላል። በ2015 ሊቨርፑል ገባች፤ እዚያ የጉልበት ጉዳት ከሜዳ አራቃት። በ2016 ወደ አርሰናል ተሻገረች፤ ክለቡም በዚያው ዓመት ኤፍ ኤ ካፕን በላ። በ2017 ከእንግሊዝ ወደ ቻይና፣ ዳልያን ወደሚባል ከተማ ሄደች። ይህ ለተመልካች ወደ ኋላ መመለስ ይመስላል። እሷ ግን እዚያ በ2017ና በ2018 የሊግ ሻምፒዮን ሆና በጥር 2019 ባርሴሎና በውሰት ወሰዳት።

ውሰት ማለት ምን እንደሆነ ልብ በሉልኝ። ከቤተ መጻሕፍት እንደተዋስነው መጽሐፍ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ መመለስ አለ። አሲሳት የተሰጣት ጊዜ የዚያ የውድድር ዓመት እስኪያልቅ ጥቂት ወራት ብቻ ነበር። በግንቦት ወር ባርሴሎና ቡዳፔስት ላይ ለአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ከፈረንሳዩ ሊዮን ጋር ተጋጠመ። ገና በ30 ደቂቃ ውስጥ 4 ለ 0 ተመርቷል። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ተቀይሮ የሚገባ ሰው ልፋት ምን ይፈይዳል? አሲሳት ግን ተቀይራ ገብታ በ89ኛው ደቂቃ አንድ ጎል አገባች። ዋንጫው የሊዮን ሆነ፤ ጨዋታው 4 ለ 1 አለቀ። ያም ሆኖ በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ የሴቶች ፍጻሜ ጎል ያገባች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ተብላ ተመዘገበች፤ በዚያው ክረምትም ባርሴሎና ውሰቱን ትቶ በቋሚነት አስፈረማት።

እኔን ከሁሉ የነካኝ ይህ ነው። ከዋንጫዎቿ ሁሉ ይልቅ ያቺ የ89ኛ ደቂቃ ጎል ትበልጥብኛለች። ዋንጫውማ ኋላ መጣ፤ ባርሴሎና በ2021 ቼልሲን 4 ለ 0፣ በ2023 ዎልፍስቡርግን 3 ለ 2 አሸንፎ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሲሆን የቡድኑ አባል ነበረች። በ2021/22 በስፔን ሊግ በ20 ጎል የኮከብ ግብ አግቢነቱን ከሌላ ተጫዋች ጋር ተጋራች። የአፍሪካ የዓመቱ ምርጥ ሴት ተጫዋች ተብላ ስድስት ጊዜ ተሸልማለች። በ2023 የዓለም ዋንጫ ናይጄሪያ አስተናጋጇን አውስትራሊያን 3 ለ 2 ስታሸንፍ ሦስተኛዋን ጎል ያገባችውም እሷ ነች። በ2024 ወደ አሜሪካው ቤይ ኤፍ ሲ፣ በ2025 ደግሞ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያው አል ሂላል ተሻገረች።

እዚህ ላይ ወንድማችን ብድግ ብሎ «ይኸው! ልጅቷ ትምህርቷን ትታለች አላልሽም? እኔስ ምን አልኩ?» ሊለኝ ይችላል። ሙግቱ ከባድ ነው፤ አላልፈውም።

እርግጥ ነው፣ ትምህርቷን ትታለች። ወላጆቿ መቃወማቸውም አያስወቅሳቸውም። በኳስ ራሷን ችላ የምትኖር ሴት በሰፈራቸው የት አይተው ያውቃሉና ነው? የማንም እናት አባት ቢሆን ይሰጋል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ልጅቷ ከሁለቱ አንዱን እንድትመርጥ ያስገደዳት ምንድን ነው? ወንድ ልጅ ከትምህርት መልስ ኳስ ሲያባርር ቢውል «ቡቃያ ተጫዋች» ይባላል፤ ደብተሩን ጥሎ ካልመጣ በቀር ከኳሱና ከደብተሩ ምረጥ የሚለው የለም። ሴቷ ግን ኳሱን ከትምህርት ቤቷ ግቢ ውስጥ ካጣችው ውጭ ፈልጋ ማግኘት አለባት፤ ውጭ ከፈለገችው ደግሞ ደብተሯን ትታ ሄደች ይባላል። ደብተሩንና ኳሱን ያጣላናቸው እኛው ነን። ኳሱ ትምህርት ቤት ቢኖርላት ኖሮ ኳሱን ፍለጋ የምትመጣው ወደ ትምህርት ቤት ነበር።

ደግሞም የዚህችን አጥቂ ኑሮ በደንብ ያየ ሰው ኳስ ያለ ደብተር እንደማይሄድ ይገነዘባል። ከአገሯ ከወጣች ወዲህ ስድስት ክለብ፣ አምስት አገር ነው ያየችው። እንግሊዝ፣ ቻይና፣ ስፔን፣ አሜሪካ፣ ሳዑዲ። እስቲ አስቡት፤ በየአገሩ ሌላ ቋንቋ፣ ሌላ ምግብ፣ ሌላ አሠልጣኝ፣ የሚፈረም ሌላ ውል አለ። ውል የሚነበበው በእግር አይደለም። በ2016 መጨረሻ ናይጄሪያ የሴቶችን የአፍሪካ ዋንጫ ከካሜሩን ይዛ ስትመለስ፣ ሻምፒዮኖቹ ተጫዋቾች ያልተከፈላቸውን ገንዘብ ለመጠየቅ አቡጃ ሆቴል ውስጥ አንወጣም ብለው ተቀመጡ፤ ሰልፍም ወጡ። ዋንጫ አምጥቶ ደመወዝ ማጣት! እንዲህ ባለ ቀን መብቷን የምታውቅ፣ አንብባ የምትረዳ፣ ተነሥታ የምትናገር ሴት ታስፈልጋለች። ያን የሚያስተምር ማን ነው? እኛ ነን።

የሌላው ወገን ወሬም ደስ ይላል፤ አልደብቀውም። በሚያዝያ 2022 ባርሴሎና ከዎልፍስቡርግ ጋር በካምፕ ኑ ሲጫወት የሴቶችን ጨዋታ ለማየት 91,648 ሰው ገብቷል። በየካቲት 2024 ዛምቢያዊቷ አጥቂ ራሼል ኩንዳናንጂ ከስፔን ወደ አሜሪካ ስትዛወር የተከፈለባት ዋጋ በወቅቱ በሴቶች እግር ኳስ ታሪክ ከፍተኛው ነበር። ከዛምቢያ የተነሣች ልጅ!

የእኛንስ አገር ማን ይርሳ? ሎዛ አበራ የዱራሜ ልጅ ነች። በሐዋሳና በደደቢት ጎል ስታዘንብ ቆይታ በ2019 ወደ ማልታው ቢርኪርካራ ሄደች፤ ተመልሳም ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተጫወተች። በ2024 ደግሞ ለዋሽንግተኑ ዲሲ ፓወር ፈረመች። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ከተማ አንዲት የዱራሜ ልጅ በአጥቂነት መሰለፏ ትንሽ ነገር አይደለም። አጥቂ ከደቡብ ገጠርም ይበቅላል ማለት ነው፤ ሜዳ ካገኘ።

ይህን ሁሉ ማለቴ ሴት ተማሪዎቻችንን ሁሉ ባርሴሎና እንላካቸው ለማለት አይደለም። ከአሥር ሺህ አንዷ ብትደርስ ነው። ለልጅ የማይሆን ተስፋ መስጠት ደግሞ ከመምህር አይጠበቅም። የአጥቂ ዕድሜ አጭር ነው፤ አንድ የጉልበት ጉዳት ሁሉንም ሊያቆመው ይችላል። ታዲያ ባርሴሎና የማትደርሰዋ ልጅ ምን ታተርፋለች? ሌላው ቢቀር ተራዋን ታገኛለች። መሮጥ፣ መውደቅና መነሣት፣ ኳስ ለባልንጀራዋ ማቀበል፣ 4 ለ 0 ተመርታም እስከ 89ኛው ደቂቃ መታገል ትማራለች። ጥላ ሥር ተቀምጦ ወንድሟን ማየት የለመደች ልጅ ግን ክፍል ውስጥም እጇን ሳታወጣ ወንዶቹ እስኪጨርሱ ትጠብቃለች። እኔ ራሴ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት ከአፋችን ቢጠፋም ከሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜያችን ገና አልወጣም።

እንግዲህ ወቀሳ ብቻውን ሥራ አይሠራምና ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ለልምምድ የምንወጣ እጩ መምህራን ሁሉ የኳሱን ጊዜ እኩል እናካፍል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ከሆነ 20 ለወንዶች፣ 20 ለሴቶች፤ ካልሆነም ቀላቅለን እናጫውታቸው። ኳስ የለም የሚል ሰበብ አይሠራም። ሁላችንም የካልሲ ኳስ ሰፍተን ያደግን ነን፤ አሁንስ መርፌና ክር ጠፋ?

2ኛ፦ የኢንስቲትዩታችን ሜዳ ከ11 ሰዓት በኋላ ዘወትር በወንድ ሠልጣኞች የክፍል ለክፍል ግጥሚያ የተያዘ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ለሴት ሠልጣኞች ይለቀቅ። «ሴቶቹ መቼ ጠየቁ?» ለምትሉ፣ ይኸው ጠየቅን። እህቶቼም ሜዳው ሲለቀቅልን «ልብስ አላጠብኩም» ብለን እንዳንቀር አደራ!

3ኛ፦ መምህሮቻችን በማስተማር ዘዴ ክፍለ ጊዜ አንድን ኳስ ለስልሳ ተማሪ እንዴት ማዳረስ እንደሚቻል በተግባር ቢያሳዩን። የትምህርት ዕቅድ አወጣጥ በደንብ አስተምራችሁናል፤ እናመሰግናለን። እኔ ዛፍ ሥር የተቀመጥኩ ዕለት ግን በዕቅዴ ላይ «ተማሪዎች ኳስ ይጫወታሉ» ብዬ ጽፌ ነበር። «ተማሪዎች» ያልኩት ወንዶቹን ብቻ መሆኑን ዕቅዱን ያየ ሁሉ አላወቀብኝም፤ እኔም አላወቅሁትም።

ወንድሜ ሆይ፣ ደብተሯ ያዋጣታል ያልከው እውነት ነው፤ እኔም እዚህ የደረስኩት በደብተሬ ነው። ደብተሩንና ኳሱን ባንድ ቦርሳ መያዝ ግን ይቻላል። ያቺ ጫማዋን ያንጠለጠለች ልጅ የጠየቀችኝ ባርሴሎናን አልነበረም፤ ከ40 ደቂቃ ውስጥ ድርሻዋን ነበር። እኔም እሷን ማስጠበቅ አልነበረብኝም።

በሚቀጥለው ሴሚስተር እንደገና እንወጣለን። ኳሱን በእጄ ስይዝ መጀመሪያ ለማን እንደማቀብለው እኔ ወስኛለሁ። እናንተስ?

ከአንዲት የ2ኛ ዓመት እጩ መምህርት