የተማሪና የውሻ ዕርቅ

ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን ከዚህም አልፈን፣ ዓባይን ሳናይ ስለ ዓባይ መመረቂያ ጽሑፍ የምንጽፍ ሰዎች ነን። ስለ ገበሬው ኑሮ በክርክር መድረክ ሁለት ሰዓት መናገር እንችላለን፤ ገበሬው እራቱን ስንት ሰዓት እንደሚበላ ግን የምናውቀው ጥቂቶች ነን። አገራችንን ያየነው በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ እሱም እንቅልፍ ካልወሰደን ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ኀሳብ አንዳንድ ጓደኞቻችንን እንደሚያስቅ አስቀድመን እናውቃለን። ተማሪ አገሩን በዝግታ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ከሰው ደጅ ፈቃድ ለምኖ እያደረ ሊያያት ይገባል እንላለን። በዚህም ጉዞ ውሻውን ቢያስከትል ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ትምህርት ያገኝበታል። ነገር ግን ይህ ትምህርት ዕዳም አለበት። ዕዳውን የተረዳነው ዳንግላ ላይ ስለ ሆነ ነገሩን ከመነሻው እንናገራለን።

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ወር ነበር። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጥቶ ውጤት የምንጠባበቅበት ጊዜ ነው። (ውጤቱ ሲገለጽ ከተፈተነው ተማሪ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበረ አንባቢ አይዘነጋውም። ያን ጊዜ ይህን ብናውቅ ኖሮ እንቅልፍ ባልወሰደን ነበር።) አራት ጓደኞች ነበርን። የአንዳችን ታላቅ ወንድም አሮጌ ፒካፑን ይዞ ወደ ባሕር ዳር ለሥራ መሄዱ ስለ ነበረ «ልውሰዳችሁ» አለን። ከመካከላችን የአንዱ አያት ዳንግላ ስለሚኖሩ መድረሻችን እዚያ ሆነ። በውሰት ያገኘነውን ድንኳን፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ አንድ ጀሪካን ውሃና መቻልን ጭነን ተነሣን። መቻል ቡናማ የሐበሻ ውሻ ነው። አውቶቡስ በአንድ ቀን የሚጨርሰውን፣ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ በሦስት ቀን ሄድነው።

የመጀመሪያውን ሌሊት ያደርነው የዓባይን በረሃ ወጥተን፣ ደጀንን አለፍ ብለን ነው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዘንድ ቀርበን ከግጦሹ ዳር ድንኳን ለመትከል ፈቃድ ጠየቅን። ሽማግሌው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ለብዙ ጊዜ ተመለከቱንና፣ «ቤት እያለ ሜዳ የምታድሩ ምን አጥፍታችሁ ነው?» አሉን። በኋላ እንደ ነገሩን፣ መሬት ለክተን ልንወስድ የመጣን መስሏቸው ነበር። ወዲያው መቻል ከመኪናው ዘሎ ወርዶ ከእግራቸው ሥር ሲተኛ ሳቁ። «ለልኬት የሚመጣ ሰው ውሻ አያስከትልም» አሉና ፈቀዱልን። የያዝነው የተማሪ መታወቂያ ያልፈጸመውን ጉዳይ ውሻው ፈጸመልን ማለት ነው።

በማግሥቱ ደብረ ማርቆስን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አልፈን፣ በጥልል በኩል ወደ እንጅባራ ደጋ ወጣን። ማታ ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ ደረስን። ዘንገና እሳተ ገሞራ በቈፈረው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ፣ ዙሪያው በዛፍ የተከበበ ጥልቅ ሐይቅ ነው። ድንኳኑን ስንተክል አንድ የሰፈሩ ሰው መጣና፣ «ውሻችሁ ጅብ ይጠራባችኋል» አለን። ነገሩን እንደ ቀልድ ቈጠርነው። ወደ አራት ሰዓት ግን ጅቡ ጮኸ። በቀን መኪና ሁሉ ሲያስፈራራ የዋለው መቻል ድምፁን አጥፍቶ ከፒካፑ ሥር ገባ። ያ ሰው ባትሪውን ይዞ ተመልሶ መጥቶ፣ ውሻውን ወስዶ ከጥጆቹ ጋር በቤቱ አሳደረልን። እኛ በብርድ ስንንቀጠቀጥ መቻል በእንግድነት ተኝቶ አደረ። የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ ነው የሚለው ቃል ለአራት እግርም እንደሚሠራ ያን ሌሊት አየን።

በሦስተኛው ቀን ከእንጅባራ ወደ አዲስ ቅዳም ስንወርድ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ገበሬው ለከሰል ብሎ የተከለው «ዲከረንስ» የሚባለው የግራር ዘር ደን ሆኖ ቆሟል። ከሥሩ የከሰሉ ጭስ ይወጣል፤ ጆንያውም በመንገድ ዳር ተደርድሯል። በአዲስ አበባ ቡና የምናፈላበትን ከሰል ማን እንደሚያከስለው ያየነው ያን ጊዜ ነው። በኢኮኖሚ ትምህርት «የገጠርና የከተማ ትስስር» ሲባል የሚመጣብን አሁን ያ ጭስ ነው።

ዳንግላ ስንደርስ የጓደኛችን አያት እኛን አቅፈው ሲስሙ፣ መቻልን በበትር ከደጃፉ መለሱት። «ውሻ የደጅ ነው» አሉ። አልተከራከርንም። ትልቁ ነገር የመጣው በማግሥቱ ነው። አንድ ጎረቤት መጥቶ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ውሻችንን ሲያይ ቈየ። ጠጋ ብለን፣ «አይናከስም፤ አይዞህ» አልነው። ሰውዬው፣ «የእኔንም ልጅ የነከሰው የማይናከስ ውሻ ነበር» አለ። ልጁ በእብድ ውሻ በሽታ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። በመጀመሪያ ወደ ባህል ሐኪም ወሰዱት፤ ቁስሉ ዳነ፤ ሁሉም ተረሳ። በሽታው ሲነሣ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። መቻል መከተቡን ነግረን ወረቀቱን አሳየነው። ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ «ለዚህ ሰፈር ውሾች ይኼ የሚገኘው የት ነው?» ሲል ጠየቀን። መልስ አልነበረንም።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ፣ ድንጋይ ሲወረወርበት ባየን ቍጥር ሰውን በልባችን ስንወቅስ ነበር። ሕዝባችን ለእንስሳ ርኅራኄ የለውም ብለን ፈርደን ነበር። ያ አባት ግን ድንጋዩ ከምን እንደሚመጣ አስተማረን። ብዙው ድንጋይ ከጭካኔ አልመጣም፤ ከለቅሶ ቤት ነው የመጣው። ይህን ከመጽሐፍ ልናገኘው አንችልም ነበር፤ በአውቶቡስ አልፈን ብንሄድም አናገኘውም ነበር። ያገኘነው ቆመን፣ አድረን፣ ውሻ አስከትለን ስለ ሄድን ነው።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ እንመለስ። አንዳንዶች፣ «ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» ይሉናል። እውነት ነው፣ ፈረንጆች ይህን አድርገው ጽፈውበታል። አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ስታይንቤክ እ.ኤ.አ. በ1960፣ በ58 ዓመቱ፣ አገሩን እንደገና ላውቃት ብሎ ቻርሊ የሚባል ውሻውን በመኪና ጭኖ አሜሪካን ዞረ፤ መጽሐፉንም በ1962 አሳተመ። (በኋላ ዘመን መንገዱን የተከታተሉ ሰዎች፣ ከጻፈው ይልቅ ሆቴል ያደረበት ሌሊት ይበዛል ብለው ወቅሰውታል፤ ይህ ለእኛም ማስጠንቀቂያ ይሁነን።) አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ አገራችን ገብታ፣ ጆክ የሚል ስም ያወጣችለትን በቅሎ እየነዳች የሰሜንን ተራራ በእግሯ ወጥታ ወርዳለች። ዳንግላም ራሷ ምስክር ናት። እንግሊዛዊው ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በዚያች ከተማ ቆንስል ሆኖ ተቀምጦ፣ በበቅሎና በድንኳን የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ አጥንቶ ካርታ አነሣ፤ መጽሐፉም በ1936 ታተመ። ከእሱ በፊት ፓኤዝ በ1618፣ ብሩስም በ1770 ወደ ግሽ ዓባይ መጥተዋል። እነዚህ ሁሉ መጥተው ስላዩ ጻፉ፤ እኛም ዛሬ በግርጌ ማስታወሻ እነሱን እንጠቅሳለን። እንግዲህ ቅንጦቱ የቱ ነው? የገዛ ወንዝን ሄዶ ማየት ነው ወይስ ሌላው ያየውን ሲገለብጡ መኖር?

ደግሞም ነገሩ የፈረንጅ ብቻ አይደለም። የቆሎ ተማሪው ከእኛ በፊት ይህን ጎዳና ጨርሶታል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከደብር ደብር ቅኔና ዜማ ፍለጋ ሲዞር፣ ምሳው ከሰው ደጅ ነበር። ጎጃም የዚህ ትምህርት አንዱ ዋና አገር ነው። የቆሎ ተማሪ ሁልጊዜ ዱላ የሚይዘው ለምንድር ነው? ለውሻ ነው። የተማሪና የውሻ ጠብ በኢትዮጵያ ከዩኒቨርሲቲ በፊት የነበረ የጥንት ጠብ ነው። እኛ ውሻ አስከትለን ስንሄድ ያንን ጠብ ለማስታረቅ የሞከርን መስሎናል።

ሌሎች ደግሞ፣ «ተማሪ ወደ ገጠር መላኩ ተሞክሯል» ይላሉ። አዎን። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልክ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ዕድገት በኅብረት 60,000 ያህል ተማሪና መምህር አዝምቷል። ሁለቱም የየራሳቸው ፍሬና ጕዳት ነበራቸው። ነገር ግን ሁለቱም ተማሪውን በትእዛዝ፣ አስተማሪ አድርገው ላኩት። እንግዳ አድርጎ የላከው የለም። አስተማሪ ሆኖ የሄደ ሰው ይናገራል፤ እንግዳ ሆኖ የሄደ ግን ያዳምጣል፤ ያቺን «ይኼ የሚገኘው የት ነው?» የምትል ጥያቄም ይሰማል።

ይህን ስንል ግን ውሻ ያለው ሁሉ ነገ ይነሣ ማለታችን አይደለም። ያልተከተበ ውሻ ይዞ ሰው መንደር መግባት ወንጀል ነው ብለን እናምናለን። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኀኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ከመታየቱ በፊት መከላከያ አለው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይውል ሳያድርም ክትባት ወደሚሰጥበት ጤና ድርጅት መሄድ ይገባዋል። ቁስሉ ቢድንም መዘናጋት አይገባም። ለሰው ከሚተላለፈው ውስጥ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ቢከተቡ ግን የበሽታው መተላለፍ እንደሚቋረጥ የዓለም ጤና ድርጅት ያስተምራል። ሁለተኛ፣ ውሻ ወደ ስሜን ተራሮችም ሆነ ወደ ባሌ ፓርክ አይወሰድም። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጠውን ቀይ ቀበሮአችንን ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ሦስተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጽርና ሰው ቤት ውሻ አይገባም፤ የሰውን ልማድ ሳያከብሩ የሰውን አገር አየሁ ማለት አይቻልም።

የመልሱን ጉዞ ለመጨረስ፦ ፒካፑ ባሕር ዳር ለሥራ ስለ ቀረ በአውቶቡስ መመለስ ግድ ሆነብን። ረዳቱ፣ «ዶሮ እሺ፣ በግ እሺ፤ ውሻ ግን አልጭንም» አለን። ለመንነው፤ እንቢ አለ። የጓደኛችን አያት ከአጥሩ ሥር ቆመው ሲሰሙ ቈይተው፣ «በሉ ልጆቼ፣ እዚሁ ተዉት፤ ከደጅ ያድራል» አሉ። በበትር የመለሱት እሳቸው ነበሩ። ለክረምት መጥተን እንወስደዋለን ብለን ተሳስመን ሄድን።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ጦርነት ተነሣ፤ መንገዱም እንደ ቀድሞው አልሆነልንም። እስከ ዛሬ አልሄድንም። ስልክ በተገኘ ቍጥር አያትየው አስቀድመው የሚነግሩን ስለ ጤናቸው ነው፤ ቀጥለው ስለ መቻል ነው። አሁን የሚተኛው ከምድጃው አጠገብ ነው አሉን። የክትባቱ ዘመን ግን ካለፈ ቈይቷል። የዚያን አባት ጥያቄ ዛሬ እኛው እንጠይቃለን፤ ይኼ የሚገኘው የት ነው?

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ በየዓመቱ ተማሪዎች በትንሽ ቡድን፣ ሰላም ባለበት አቅጣጫ ሁሉ፣ አስተማሪ ሳይሆኑ እንግዳ ሆነው ገጠር የሚያድሩበት ጉዞ ይዘጋጅ። ሩቁ ካልተቻለ ከሱሉልታ ይጀመር። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ መስከረም 18 ቀን ገደማ የሚውለውን የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ምክንያት በማድረግ፣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የሚመሩት፣ እኛ የሥነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪዎች ውሻ በመያዝና ወረቀት በመጻፍ የምናግዝበት የክትባት ቀን በግቢያችን ዙሪያ ይደረግ። ውሻ መያዝ ከቅኔ ትንተና አይከብድም፤ ሞክረነዋል።

መንገዱ በተከፈተ ቀን መጀመሪያ የምንጭነው ድንኳኑን አይደለም። መርፌውን ነው። ያን አባት ፈልገን፣ ዘግይተንም ቢሆን መልሱን ይዘን መምጣታችንን እንነግረዋለን።