«እቀምሳለሁ እንጂ አልጠጣም» ይለኛል፤ ልመነው?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የደረሰን ከአርባ ምንጭ፣ ከሲቀላ ነው። ጸሐፊዋ «ስሜን ብታወጡ እቀየማችኋለሁ» ብላለችና አናወጣውም፤ የእጮኛዋንም እንደዚያው። ደብዳቤው ስድስት ገጽ ነው። እንደሚከተለው አሳጥረነዋል።

«እጮኛዬ ለትምህርት ጀርመን ሀገር፣ ሙኒክ ከሄደ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። እዚህ እያለ ከአንድ ቢራ አያልፍም ነበር። እዚያ ከገባ ወዲህ ግን ሁለተኛው ትምህርቱ ቢራ ሆኗል። በየወቅቱ የሚወጣ ቢራ አለ ይላል፤ የጾም፣ የግንቦት፣ የመስከረም፣ የገና። አዲስ በቀመሰ ቁጥር የጠርሙሱን ፎቶ ይልክልኛል፤ ከአሥር ስንት እንደሰጠውም ይጽፍልኛል። ባለፈው አንድ ዓመት 31 ፎቶ ደርሶኛል፤ ቆጥሬዋለሁ። የራሱ ፎቶ ግን ዘጠኝ ብቻ ነው። መጠጥ አበዛህ ስለው ‹እቀምሳለሁ እንጂ አልጠጣም› ይለኛል። ለመስቀል ይመጣል፣ ሽማግሌም ይልካል። ‹ስድስት ጠርሙስ ይዤ መጥቼ አባትሽን አቀምሳቸዋለሁ› ብሏል። አባቴ ደግሞ ጌታን ከተቀበለ 12 ዓመቱ ነው፤ መጠጥ ደጃችንን አይረግጥም። ምን ላድርግ? ሰካራም ላገባ ነው እንዴ?»

እህቴ፣ የጠየቅሽን ሁለት ነገር ነው። አንዱ ስለ ልጁ ነው፣ ሌላው ስለ ጠርሙሶቹ። የልጁ ይከብዳልና እሱን እናስቀድም።

በመጀመሪያ ደረጃ ልጁ ስለ ወቅቶቹ አልዋሸሽም። እኛ ሀገር የቢራ ፋብሪካዎች ከሞላ ጎደል ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ቢራ ነው የሚያቀርቡልን፤ በዓል መድረሱን የሚያውቀው የእናቶቻችን ጋን ነው። በጀርመን፣ በተለይ ሙኒክ ባለችበት በባቫሪያ፣ ቢራና ወቅት የተሳሰሩት ግን በሕግ ጭምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1516 ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ በቀር ሌላ ነገር እንዳይገባበት ታወጀ። እ.ኤ.አ. በ1553 ደግሞ ከቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል እስከ ቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ በእነሱ አቆጣጠር ከኤፕሪል 23 እስከ ሴፕቴምበር 29፣ ቢራ መጥመቅ ተከለከለ። በሙቀት ወራት የሚጠመቅ ቢራ እየተበላሸ ስላስቸገረ ነው። (እኛ ጊዮርጊስ ሲባል ቀድሞ ጠርሙሱ ነው የሚታየን፤ እነሱ ዘንድ ጊዮርጊስ ጠማቂው እጁን የሚሰበስብበት ቀን ነበር።)

ታዲያ ክረምት ከበጋ ጠጪ መቼ ይጠፋል? ጠማቂዎቹ ክልከላው ከመግባቱ በፊት በማርች ወር ጠንከር ያለ ቢራ ጠምቀው በምድር ቤት በቅዝቃዜ ያቆዩት ጀመር። ከምድር ቤቱ በላይ ጥላ እንዲሆን ቅጠለ ሰፊ ዛፍ ተከሉ፤ ዛሬ ሰው ሰብሰብ ብሎ የሚጠጣባቸው የቢራ አትክልት ቦታዎች መነሻቸው ይኸው ነው። በማርች የተጠመቀው ቢራ «ሜርትሰን» ይባላል፤ የማርች እንደማለት ነው። መስከረም ሲጠባ በርሜሉ ለአዲሱ ምርት ባዶ መሆን ስላለበት የቀረው ይጠጣል። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1850 ተሻረ፤ ልማዱ ግን ቀረ።

ኦክቶበርፌስት የሚባለውም እ.ኤ.አ. በ1810 ለአንድ የባቫሪያ ልዑል ሠርግ በተደገሰ ድግስ ነው የተጀመረው። ስሙ የኦክቶበር ይሁን እንጂ የሚከፈተው በሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ስለሆነ የእኛ መስቀል ሁልጊዜ በመካከሉ ይውላል። እስቲ አስቢው እህቴ፤ እጮኛሽ ሁለት መስቀል ያሳለፈው በሺህ የሚቆጠር ሰው በሚጮህበት ድንኳን አጠገብ ነው። ለዚያ ቢራ ከአሥር ስድስት ብቻ እንደሰጠው ጽፈሽልናል። እኛም ፍርዱን አልጠላንለትም፤ በአሁኑ ጊዜ በድንኳኖቹ የሚቀርበው ቢራ ከጥንቱ ሜርትሰን ይልቅ የነጣና የቀለለ ሆኗል።

የጾም ቢራ የሚለው ግራ አጋብቶሽ ይሆናል። የዚያ ሀገር መነኮሳት ፈሳሽ ጾም አያፈርስም ብለው ያምኑ ስለነበር በዐቢይ ጾም እንደ ምግብ የሚሆን ወፍራም ቢራ ይጠምቁ ነበር። የሙኒክ ጳውላውያን መነኮሳት የጀመሩት «ሳልቫቶር» እስከ ዛሬ አለ። እኛ ዘንድ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም የማይቀምስ ሰው ስላለ ይህን ለአያቶችሽ ባትነግሪ ይሻላል። የዚህ ዓይነቱ ብርቱ ቢራ «ቦክ» ይባላል፤ ይበልጥ የበረታው «ዶፔልቦክ» ነው፤ በግንቦት የሚወጣው ነጣ ያለው ደግሞ «ማይቦክ»። ቦክ በጀርመንኛ አውራ ፍየል ማለትም ስለሆነ ጠርሙሱ ላይ ብዙ ጊዜ የፍየል ሥዕል አለ። እንግዲህ «ባለ ፍየሉን ፎቶ ምን አመጣው?» ላልሽው መልሱ ይኸው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። «አንድ ብቻ ነው የቀመስኩት» የሚለው አነጋገር ማጣራት ያስፈልገዋል። የእኛ ሀገር ቢራ ባብዛኛው ጠርሙሱ 330 ሚሊ ሊትር፣ የአልኮሉ መጠን ወደ 5 በመቶ ነው። የኦክቶበርፌስት ብርጭቆ አንድ ሙሉ ሊትር ይይዛል፤ ቢራው ደግሞ 6 በመቶ ይደርሳል። ሲሰላ አንዱ ብርጭቆ ከሦስት ተኩል የእኛ ጠርሙስ ጋር ይስተካከላል። ግማሽ ሊትር ዶፔልቦክም፣ 7 ተኩል በመቶ ከሆነ፣ ከሁለት የእኛ ጠርሙስ ይበልጣል። ስለዚህ ስንት ጠርሙስ ብለሽ አትጠይቂው። የትኛውን፣ በምን ያህል ብርጭቆ፣ ከማን ጋር ብለሽ ጠይቂው።

አሁን ወደ ፎቶዎቹ እንምጣ። 31 ፎቶ በዓመት ማለት በወር ሦስት እንኳ አይሞላም። ሰካራም በወር በሦስት አይወሰንም። ፎቶ ያልተነሣው ስንት ነው ብትዪን፣ እሱን እኛም ከዚህ ሆነን አናይም። ግን ደብዳቤሽን ደጋግመን ስናነበው አንድ ነገር አየን። ዘጠኝ የሰጠው፣ ከሁሉ ያስበለጠው፣ የባምበርግ ከተማን የጭስ ቢራ ነው። ብቅሉን በእንጨት ጭስ ነው የሚያደርቁት። ከፎቶው ሥር «እንደ እናቴ ጠላ ጭስ ጭስ ይላል» ብሎ ጽፎልሻል። እናቶቻችን ጋኑን በወይራ አጥነው የሚያመጡትን ሽታ ልጁ ባምበርግ ላይ አገኘው። ጥቁሩን ዶፔልቦክም የወደደው የአሻሮ ጠረን ስላለው እንደሆነ ነግሮሻል። አንቺ ጠርሙስ ስትቆጥሪ እሱ የቤቱን ሽታ ሲፈልግ ነው የከረመው። ለሰካራምነት ማስረጃ ብለሽ ከላክሽልን ውስጥ ግማሹ ናፍቆት ነው።

ግማሹ ብለናል። ሌላውን ግማሽ አንደብቅሽም።

የጥር ወር ፎቶዎችን መለስ ብለሽ እያቸው። በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት ፎቶ ልኮልሻል፤ አምስቱም ያው በየሱቁ የሚሸጥ ተራ ቢራ ነው። በፊት ነጥብ ሳይሰጥ የማያልፍ ሰው ለአንዳቸውም ነጥብ አልሰጠም። በዚያን ሰሞን የገና ቢራ አልቋል፣ የጾሙ ገና አልደረሰም፤ የሚቀመስ የወቅት ቢራ አልነበረም። አንቺው ራስሽ በሌላ ገጽ ላይ «ጥር ላይ ፈተና ወድቆ ነበር» ብለሻል። እህቴ፣ ያ ሳምንት ቅምሻ አልነበረም።

ይህ ማለት ልጁ ጠፍቷል ማለት አይደለም። በሰው ሀገር፣ በብርድ፣ ብቻውን ፈተና የወደቀ ወጣት ነው። ግን የምትጠይቂው ስለ 31ዱ ሳይሆን ስለ አምስቱ ይሁን። «ጥር ላይ ምን ሆነህ ነበር?» በይው፤ ስለ ቢራ አታንሺበት። ቀጥ ብሎ ከነገረሽ መልካም ነው። ከተቆጣ፣ ነገሩን ከካደ፣ ወይም ስለ ሆፕና ስለ ብቅል ትምህርት ሊሰጥሽ ከጀመረ ጠርጥሪ። ሌላም ተመልከቺ፤ ለመጠጥ ይበደራል ወይ? ጠዋት ይጠጣል ወይ? ብሎ ያሰበውን ቀን ሳይጠጣ መዋል ያቅተዋል ወይ? ወቅቱን ጠብቆ የሚቀምስ ሰው በመካከል ወር ሙሉ ባዶውን ቢቆይ አይጨንቀውም። መስቀል እስኪደርስ አንድ ወር እንዲተው ጠይቂው፤ እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ውለታ። ከቻለ በራሱ ታውቂያለሽ፣ ካልቻለም ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ማወቅሽ ይሻላል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው እንጂ ሠርግ አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል ነው። ጠርሙሱ አባትሽ ቤት አይገባም። በቃ። ይህን ደግሞ ልጁ ሻንጣውን ከመዝጋቱ በፊት አሁኑኑ ንገሪው እንጂ አርባ ምንጭ ኤርፖርት ላይ አትጠብቂው። እሱ ክብር መስጠቱ ነው፤ ሽማግሌ ልኮ ባዶ እጁን መምጣት አልፈለገም። አባትሽ ግን 12 ዓመት የጠበቁትን ደጅ ለአማችነት ብለው አይከፍቱም፤ እሱም ሊያስከፍታቸው አይገባም። ለሳቸው ጥሩ የዶርዜ ጋቢ ይበቃል። የገብሱን ወግ ማጫወት ከፈለገ እናትሽ ቀሪቦ ያዘጋጁለት። ቀሪቦ ለማይጠጣ ሰው ከተቆላ ገብስ የሚሠራ ነው፤ ቀለሙም የመቆላት ጠረኑም የዚያ ጥቁር ቢራ ዘመድ ነው። አባትሽና እሱ በአንድ ማሰሮ ዙሪያ ተቀምጠው የሚያወሩት ነገር ያገኛሉ።

ጠርሙሶቹን ይዞ መምጣቱ የማይቀር ከሆነ ግን ምርጫውን እናግዘው። ደመናማውን የስንዴ ቢራ እዚያው ይተወው፤ ትኩስነቱን ሲያጣ ጣዕሙም ይሄዳል። ዶፔልቦክ ብርቱ ስለሆነ መንገድ ይችላል። ፀሐይ ያረፈበት ቢራ ሽታው ይለወጣል፤ የሲቀላን ሙቀት ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ጨንቻ ያለው አጎቱ ዘንድ ይውጣ። መጠጡን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ብርዱም ራሱ ፍሪጅ ነው።

እግረ መንገዱን አንድ ነገር ይማራል። ጀርመኖች ቀላሉን ቢራ በሙቀት፣ ጥቁሩንና ብርቱውን በብርድ ለመጠጣት ወራት መጠበቅ አለባቸው። በጋሞ ወቅቱ ተራራው ላይ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ናት፤ ጨንቻ ከ2,700 ሜትር አታንስም። በመካከላቸው 40 ኪሎ ሜትር እንኳ የለም። ታች በቆሎ፣ ላይ ገብስ። ታች በላብ የሚጠጣ ቀዝቃዛ ነገር፣ ላይ በዶርዜ ጎጆ ውስጥ በእሳት ዳር የሚጠጣ የደጋ ፓርሶ። ወደ ደቡብ ወረድ ቢል ደግሞ የደራሼና የኮንሶ ቼቃ አለ፤ ያ ቢራም ምግብም ነው። ሙኒክ ዓመት የሚፈጅበትን ቅምሻ እዚህ በሦስት ቀን ይጨርሰዋል። አረቄውን ግን ከዚህ መዝገብ ያውጣው። የተጣራ መጠጥ በቢራ ሚዛን አይለካም፤ እንግዳ የሚወድቀውም እዚያ ላይ ነው። በመስቀል ሰሞን ደግሞ በየቤቱ ቅቤና ሥጋ ስላለ ሆዱን ሳይሞላ አንድም አይቅመስ። «ዮ ማስቃላ» ብሎ የገባበት ቤት ሁሉ ይቀዳለታል፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ ልስጥ ካለ ደግሞ ባለቤቶቹ ይቀየሙታል። ደብተሩን ሙኒክ ይተወው።

ከሴቻ ለጻፍክልን ወንድም ደግሞ ባጭሩ፦ «ቦርዴ ስንት ፐርሰንት ነው?» ብለሃል። ቦርዴ ፋብሪካ የለውም፣ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ስለዚህ ቁጥር ልንሰጥህ አንችልም። ከበቆሎና ከሌላ እህል፣ በብቅል፣ አራት ቀን ያህል ተደክሞበት ይዘጋጃል። ጌሾ አይገባበትም። ገና እየፈላ ነው የሚጠጣው፤ አንድ ቀን ካደረ ይኮመጥጣል። በመውለጃዋ ሰሞን ላለች ሴት ወተት ይጨምራል እየተባለ የሚሰጥበት፣ ሠራተኛም በምሳ ፈንታ የሚጠጣበት ሀገር ስለሆነ ብዙ ሰው ከመጠጥ አይቆጥረውም። ፈልቷልና ይቆጠራል። ዕድሜህን አልነገርከንም እንጂ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ጠዋት የተቀዳውን ከሰዓት በኋላ አትግዛ፤ ምሽት ላይ በርካሽ የሚሸጥልህ የትናንቱን ነው።