አኩፋዳ የያዘውን ልጅ ማን ቆጠረው?

በከተማችን ቶሎ የሚቀጣጠል አንድ ቁጣ አለ። ነጭ ሸሚዝ በክራቫት የለበሱ፣ ደረታቸው ላይ ጥቁር የስም ምልክት የለጠፉ፣ ሁለት ሁለት ሆነው የሚዞሩ የሞርሞን ወጣቶች ወሬ ሲነሣ፣ ሲኒ የያዘው ሁሉ ‹‹ሃይማኖታችንን ሊያስጥሉን መጡ!›› ብሎ ይነሣል። ሲኒውን ግን አያስቀምጥም። ቁጣው ከአቦል ተነሥቶ እስከ በረካ ይዘልቃል፤ ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ይበተናል።

ይህ ጸሐፊ የሞርሞኖች ጠበቃ አይደለም። ስለ ትምህርታቸው የሚሟገት ሊቅ ሞልቷል፤ እሱ ይሟገት። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ከተቆጪው ጋር ነው። ለመሆኑ ‹‹የሰው ልጅ መጣብን›› እያለ የሚጮኸው ወገናችን፣ የራሱ ልጅ ዛሬ የት እንዳደረ ያውቃል?

እስቲ በመጀመሪያ የዚያን የሚፈራውን ወጣት ሳምንት እንይለት።

ራሱን ‹‹የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን›› ብሎ የሚጠራውን ማኅበር ጆሴፍ ስሚዝ በ1830 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት መሠረተው። መንበሩ ዛሬ ዩታ ውስጥ ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። ወንድ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው ለሁለት ዓመት ለስብከት ሊላክ ይችላል፤ በዓለም ላይ እንዲህ የተሰማሩት ከ70 ሺህ በላይ ናቸው። ማዕርጉ ‹‹ኤልደር›› ይባላል፤ ሽማግሌ ማለት ነው። ጢሙን ገና በቅጡ ያላበቀለ ሽማግሌ! ቡናም ሻይም አይጠጣም፤ በቡና አገር ለሚሰብክ ሰው ይህ ብቻውን ፈተና ነው።

ከጠዋቱ 12፡30 ይነሣል፤ ይጸልያል፣ ያጠናል። ከዚያ በእግሩ መንገድ ይጀምራል። ከምሽቱ 4፡30 ይተኛል። ብቻውን አንድ እርምጃ አይሄድም፤ ጓደኛ ተመድቦለታል። በሳምንት አንድ ቀን፣ በብዙ ቦታ ሰኞ፣ ልብሱን የሚያጥብበት፣ ገበያ የሚወጣበት፣ ደብዳቤ የሚጽፍበት ነው። ቀድሞ ለእናት አባቱ ስልክ የሚደውለው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን በየሳምንቱ እንዲደውል ተፈቅዶለታል። ወጪውን እሱና ቤተሰቡ፣ ካልቻሉም የሃይማኖት ወገኖቹ ይሸፍኑለታል። ቢታመም የሚጠየቅ አለቃ አለው። በአጭሩ፣ የትም ቢያድር የት እንዳደረ የሚያውቅ ሰው አለ።

ሙገሳ አይደለም። ይኸው ማኅበር የአፍሪካ ዘር ላለው ጥቁር ወንድ ክህነትን ከልክሎ እስከ ሰኔ 1978 እ.ኤ.አ. ድረስ የቆየ ነው። ዛሬ የጥቁሩን በር የሚያንኳኳው ወጣት አያቱ ያንን በር ለማንኳኳት ምን ያህል እንዳመነቱ ቢጠየቅ ተገቢ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ፣ በ1977 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ስታልቅ፣ የዚሁ ማኅበር ምእመናን ጥር 19 ቀን ጾመው የምግባቸውን ዋጋ ሰጥተዋል፤ ከስድስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቦ በእርዳታ ድርጅቶች በኩል ለተራበው ወጥቷል። ሁለቱም እውነት ነው። ሰውን በሙሉ ሂሳቡ ማየት ይገባል።

አጥር መሥራትን በተመለከተ እኛ የምንታማ አይደለንም። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አገሩን ‹‹ዝግ›› እና ‹‹ክፍት›› ብሎ ከፍሎ፣ የኦርቶዶክስ ምእመናን የሚበዙበትን ምድር ለውጭ ሰባኪ ዘግቶት ነበር። አጥሩ ተሠራ። በአጥሩ ውስጥ የቀረውን ልጅ ማን ይመግበው የሚለው ጥያቄ ግን በድንጋጌው ውስጥም፣ ከድንጋጌው በኋላም አልተመለሰም።

*

አሁን ወደ ራሳችን ወጣት። ‹‹ወጣት›› ማለት እንኳ ይከብዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ገና ልጅ ነው።

ወግዲ በምዕራብ ደቡብ ወሎ፣ ከመካነ ሰላም ወዲያ፣ ዓባይ ከጎጃም የሚለየው አገር ነው። ከዚያ ደጋ አንድ ልጅ ተነሣ እንበል። ዕድሜው ዘጠኝ ወይም ዐሥር ነው። ፊደልና ዳዊት በአጥቢያው ጨርሷል። ቅኔ ፈልጎ ቁልቁል የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ሽቅብ ጎጃምን ወጥቶ ወደ ዲማ ወይም ወደ ደብረ ኤልያስ ይሄዳል፤ ወይም ወደ ሰሜን ዋድላን ይመርጣል። ድጓ ያማረው ቤተ ልሔምን፣ ቅዳሴ ያማረው ሰለልኩላን ይጠይቃል። ርቆ የሚሄድበት ምክንያት አለው፤ አጠገብ ከሆነ እናት ‹‹ልጄ ራበው›› ብላ ትመጣለች፣ አባት ‹‹ከብት ጠባቂ አጣሁ›› ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ ሳይሰናበት የሚጠፋው ጥቂት አይደለም።

የዚህ ልጅ ሳምንት ምን ይመስላል? ዶሮ ሳይጮህ ከጎጆው ወጥቶ የትናንቱን ትምህርት በቃሉ ይደግማል። ቅኔ ቤት ከሆነ ለብቻው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ዓመታት ሲያልፉ ስምንት ቤት መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ያርሙታል። እስከዚህ ድረስ የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ሊቀናበት የሚገባ ትምህርት ነው፤ ልጁ ደጋግሞ የሚያጠናው ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ አዲስ ነገር የሚፈጥር ነውና።

ከዚያ በኋላ ግን አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ዱላውን ይዞ መንደር ይወጣል። ‹‹በእንተ ስማ ለማርያም›› ብሎ ደጃፍ ይቆማል። አንዷ ኩርማን እንጀራ፣ ሌላዋ እፍኝ ቆሎ ትሰጠዋለች፤ ሦስተኛዋ ‹‹እግዜር ይስጥህ›› ትለዋለች፤ ውሻዋ ደግሞ ከሷ ቀድሞ መልስ ይሰጣል። ያገኘውን ይዞ ተመልሶ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል፤ የተረፈውን አድርቆ ለክፉ ቀን ያኖራል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ለሱ ግን ጾሙ ከጦም ማደሩ ጋር ተቀላቅሎበት መለየት አይችልም። እሑድ ማኅሌት ቆሞ ያነጋል። ክረምት ሲገባ የገበሬው ጎተራ ይራቆታል፤ የልጁም አኩፋዳ እንዲሁ። ደበሎው ርሶ ሳይደርቅ ይነጋል። በጠባብ ጎጆ ተጠጋግተው ሲተኙ ቅማሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሻገራል፤ ቅማሉ ደግሞ ግርሻንና ተስቦን ይዞ ይሻገራል። እከኩንማ ማን በሽታ ብሎት! ቢሞት ጓደኞቹ ይቀብሩታል። እናቱ ትሰማ ይሆናል፤ ላትሰማም ትችላለች።

ይህ የክርስቲያኑ ልጅ ነገር ብቻ አይደለም። ወሎ የሁለቱም ቤት ናት። ከዳና እስከ ጌታ ኪታብ ፍለጋ የሚንከራተተው ደረሳም የሚኖረው ይህንኑ ኑሮ ነው፤ ልዩነቱ ደጃፍ ላይ የሚጠራው ስም ነው።

*

እዚህ ላይ ተቃዋሚዬ እጁን ያወጣል። ‹‹ሊቃውንቱን ያፈራው ይኸው መከራ ነው፤ ልጁ ከጠገበ አይማርም›› ይለኛል። ይህ አባባል በከተማ ብዙ ወዳጅ አለው፤ በተለይ ምሳ ከተበላ በኋላ።

እንግዲያው ከዚያው አገር ምስክር እንጥራ። መጽሐፈ ምሥጢርን የጻፉት አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ስማቸው ከዚያው ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ምድር ጋር የታሰረ ነው። የተማሩት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። ገድላቸው እንደሚተርከው ትምህርት አልገባ ብሏቸው ወደ ወፍጮ ተመድበው እህል ይፈጩ ነበር፤ በኋላ በእመቤታችን ምልጃ ዕውቀት ተሰጣቸው። ልብ በሉ፤ ትምህርት ያልገባውን ልጅ ገዳሙ አላባረረውም። ሥራ ሰጠው፣ መገበው፣ ታገሠው። ሐይቅ ርስትና ጉልት ያለው ገዳም ነበር። ታላቁን ደራሲ ለፍሬ ያበቃው ቤት በልመና ደጃፍ ላይ አልጣለውም። የረሃብ ወዳጆች ይህን የታሪኩን ክፍል ዘለው ያነባሉ።

የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ፣ አድባራትና ገዳማት መሬታቸውን አጡ። ገባሩን ጠይቁት፣ ለአዋጁ የሚያለቅስ አይደለም፤ ይህ ጸሐፊም አያለቅስም። ነገር ግን የኔታ የሚኖሩበት ገቢ ሲነጠል በቦታው የተተካ ነገር አልነበረም። ልመናው ከአዋጁ በፊትም ነበረ፤ ከአዋጁ በኋላ ግን በብዙ ቦታ ከልመናው ሌላ የቀረ ድጋፍ የለም።

ሁለተኛው ሙግት ከበድ ይላል፤ ስለዚህ በአክብሮት ልመልሰው። ‹‹ልመናው ትሕትና ያስተምራል፤ መንደሩንም ከትምህርት ቤቱ ጋር ያስተሳስራል፤ እያንዳንዷ እናት ለሊቁ መዋጮ አላት›› ይላል። እውነት ነው። መሃይሟ ገበሬ ቅኔን ለዘመናት የመገበችው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከባለጸጋው ይልቅ ውለታው የሷ ነው። ችግሩ መዋጮውን በሙሉ በሷ ትከሻ ላይ ጥለን መሄዳችን ነው። የወሎ ገበሬ በ1966ም በ1977ም ራሱ የሚበላው ያጣ ሰው ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል በጦርነት ተጠብሷል። ያኔ ከዱላና ከአኩፋዳ ሌላ የሌለው፣ መታወቂያ የማያውቅ ልጅ ከወረዳ ወረዳ ሲሻገር ‹‹ማን ነህ? ከየት መጣህ?›› ቢባል ማንን ምስክር ይጥራ? ትሕትናን ማስተማር መልካም ነው፤ ግን ትሕትናን ለመማር በውሻ መነከስ ግድ ከሆነ፣ የከተማው ልጅም ይሞክረው።

እኛማ እሱን የምንወደው በመጽሐፍ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› የበዛብህን ዕጣ እያነበብን አልቅሰናል። የቆሎ ተማሪ ሥዕል በየሳሎናችን ተሰቅሏል፤ ደበሎው ያምራል፣ አኩፋዳው ያምራል። በሥዕል ውስጥ ያለ ልጅ ደግሞ አይርበውም።

*

ምን ይደረግ? ነቀፋ ብቻ ይዞ መምጣት ከቡና ላይ ቁጣ አይሻልም፤ ስለዚህ በግልጽ እናገራለሁ።

በመጀመሪያ መዝገብ። እያንዳንዱ ጉባኤ ቤት የተማሪውን ስም፣ የመጣበትን አጥቢያ፣ የወላጁን ስም የሚይዝ ደብተር ይኑረው፤ ቅጂው ለወረዳው ቤተ ክህነት ይድረስ። የደረሳውም እንዲሁ ለእስልምና ጉዳዮች ይድረስ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ደብተርና አንድ የሚያስብ ሰው ነው።

ሁለተኛ ጤና። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 ደንግጓል። መልካም። ጉባኤ ቤቱ የመንግሥት አይሁን፤ ልጁ ግን ዜጋ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምትመዘግበው በቤተሰብ ነው፤ የዚህ ልጅ ጎጆ ደግሞ የማንም ቤተሰብ አይደለም። ክትባቱም፣ ሳሙናውም፣ የቅማሉ መድኃኒትም በዚያ ቀዳዳ ይሾልካል። ጎጆውን እንደ አንድ ቤት መቁጠር አዋጅ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም።

ሦስተኛ ዕድሜ። ዳዊት ያልደገመ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላው ልጅ ዓባይን ለምን ይሻገራል? በአጥቢያው ይቆይ፤ ቀለም ትምህርቱንም ይማር። ቅኔው አያመልጠውም።

አራተኛ ገንዘብ። እዚህ ላይ ነው ከተሜው የሚሸሸው። ማኅበረ ቅዱሳንን የመሰሉ ለአብነት ትምህርት ቤቶች የሚደክሙ አሉ፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን የጥቂቶች ድካም የሁላችንን ዕዳ አይከፍልም። ደብራችን እብነ በረድ ሲያስነጥፍ፣ ሰፈር የሚያናውጥ ድምፅ ማጉያ ሲገዛ እጃችን ይዘረጋል። በዚያው እብነ በረድ ላይ ቆሞ ድጓውን የሚያዜመው መሪጌታ ከየት እንደመጣ፣ በማን ኩርማን እንዳደገ ጠይቀን አናውቅም። የወሰድነው ከወግዲና ከሳይንት ገበሬ ሌማት ነው፤ ዋጋውን ሳንከፍል።

በመጨረሻም ስልክ። ያ የሶልት ሌክ ወጣት በየሳምንቱ የእናቱን ድምፅ ይሰማል። የወግዲዋ እናትም እናት ናት። በየጉባኤ ቤቱ በየኔታ እጅ የሚቀመጥ አንድ ስልክ፣ በወር አንድ ጊዜ ‹‹አለሁ›› የሚያሰኝ፣ የትኛውን ቀኖና ይሽራል?

ባዕዱ ሰባኪ የሚያስፈራን ከሆነ የሚያስፈራን በክራቫቱ አይሁን። ማኅበሩ ልጆቹን ቆጥሮ ይልካል፣ ቆጥሮ ይቀበላል። እኛ ሳንቆጥር እንልካለን፤ የጎደለውን አናውቅም። ደብተሩ ተከፍቶ የልጆቹ ስም ሲሰፍር ያን ጊዜ መቆጣት መብታችን ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ግን የሰው ልጅ እያሳደድን የራሳችንን ልጅ የረሳን ሰዎች ነን።