ኮምፓይል ሆነ ማለት ሠራ ማለት አይደለም

«ኮዱ ያው ነው፤ ቦርዱን ብቻ ቀይረው» የሚሉ አሉ። ለደንበኛም እንዲሁ ብለው ዋጋ ይቆርጣሉ።

የአፈር እርጥበት ለክቶ ፓምፕ የሚያስነሳ ፕሮግራም ለአርዱይኖ ኡኖ ተጽፏል፤ ንባቡ ከ600 ካለፈ አፈሩ ደርቋል፣ ፓምፑ ይነሳ ይላል። ኡኖ ላይ ንባቡ ከ0 እስከ 1023 ነው። ያው ኮድ ኢኤስፒ32 ላይ ያለ አንዲት ስህተት ኮምፓይል ይሆናል፤ እዚያ ግን ንባቡ እስከ 4095 ይሄዳል። ከግማሽ በላይ የነበረው 600 አሁን ሩብም አይሞላ። ጭቃ የሆነው ማሳ ሳይቀር «ደርቋል» ይባልና ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ሲስብ ያድራል። ውሃውም የመብራት ሂሳቡም የገበሬው ነው።

«ላይብረሪው ያስተካክለዋል» ይባላል። ላይብረሪው የትእዛዙን ስም አንድ ያደርጋል እንጂ ቺፑን አንድ አያደርግም። ኡኖ በ5 ቮልት፣ ኢኤስፒ32 በ3.3 ቮልት ይሠራል። 5 ቮልት የሚልክ ሴንሰር በቀጥታ ከተሰካ ፒኑ ሊቃጠል ይችላል፤ ሁለት ሬዚስተር ይበቃው ነበር። ኢኢፕሮም ላይ የተቀመጠ ቁጥርም ኡኖ ላይ ወዲያው ይጻፋል፤ ኢኤስፒ32 ላይ ግን ኮሚት ካልተደረገ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ያውም መብራት በየጊዜው በሚሄድበት አገር!