ስክሪኑ የተሰበረውን ግዛለት

«የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ልገጣጥም ነው ብሎ ወጥሮ ይዞኛል» አለኝ ወዳጄ፣ ከርከዴውን እያማሰለ።

«ይገጣጥማ!»

«ሆሞሻ ላይ?»

«ሆሞሻ ላይ ቢሆንስ?»

«አንተ ደግሞ ሁሉ ነገር ይቀልልሃል። እስቲ ይቺን እያት» ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝ። ልጁ ከደብተር የገነጠለውን ወረቀት ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ልኮለታል። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ቁጥር በቁጥር፦ ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋ ራም፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ጎኑ መስታወት የሆነ ኬዝ፣ ቀለሙን እየቀያየረ የሚበራ ኪቦርድ፣ ሁለት ሞኒተር። ከሥሩ ጠረጴዛ ሥሏል። ሽቦዎቹ የሚያልፉበት ቀዳዳ ሳይቀር በማስመሪያ ተለክቶ ተቀምጧል።

«ጠረጴዛው የራሱ ነው» አልኩት። «ዝርዝሩ ግን የዩቲዩብ ነው።»

«በምን አወቅህ?»

«እነዚያ ‹በርካሽ ኮምፒውተር እንሥራ› የሚሉ ቪዲዮዎች ‹500 ዶላር አላችሁ እንበል› ብለው ነው የሚጀምሩት። የሚሠራው ልጅ ያዘዘው ዕቃ በማግስቱ በሩ ላይ ይደርስለታል። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬትም ከድቶት አያውቅም። የአንተ ልጅ ግን አሶሳ ራሷ ለዕቃ ሩቅ የሆነችበት ሰው ነው፤ መርካቶማ ከአሶሳ 600 ኪሎ ሜትር አልፎ ነው። ዶላሩም ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ የት እንደደረሰ እኔ አልነግርህም፤ ኪስህ ያውቀዋል።»

«ራሙን ብቻ ጠይቄ ነበር፤ ደነገጥኩ።»

«ትደነግጣለህ እንጂ! ከ2018 መግቢያ ጀምሮ ራም በዓለም ገበያ እሳት ሆኗል። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት ግዙፍ የዳታ ማዕከላት ከፋብሪካው ጠርገው ይወስዱታል። ካሊፎርኒያ ለተገተረው ማሽን ሒሳቡን የሚከፍለው የሆሞሻ ልጅ ሆነ ማለት ነው።»

«ስለዚህ ተው ልበለው?»

«ኧረ ተው እንዳትለው! ዝርዝሩን ቀይርለት።»

ወዳጄ ወንበሩን ጠጋ አደረገ። ነገር ሲጥመው እንዲህ ነው።

«እ.ኤ.አ. በ2011 ፓሪስ ያሉ የዲዛይን ተማሪዎች ምን አደረጉ መሰለህ?» አልኩት። «ከተጣሉ ኮምፒውተሮች ውስጥ ገና የሚሠራውን ዕቃ እየለቀሙ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ገጠሙት። የጀሪካኑን ጎን ቆርጠው ከፈቱት፣ ማዘርቦርዱን ውስጡ አሰሩት፣ ስሙንም ጄሪ አሉት። ሐሳቡ ወደ አፍሪካ ተሻግሮ አቢጃንና ሎሜ ላይ ወጣቶች ተቀባበሉት።»

«ጀሪካን? ይሄ ውኃ የምንቀዳበት?»

«እሱው ራሱ።»

«እህቴን አታውቃትም! ጀሪካኗን በመጋዝ ሲቆርጥ ካገኘችው ኮምፒውተሩም ልጁም ውጭ ነው የሚያድሩት።»

ሳቅን። እውነቱን ለመናገር እኔም ለሆሞሻ ጀሪካን አልመክርም። አገሩ ሙቀት ነው፤ ፕላስቲክ ሙቀት አፍኖ ይይዛል፤ ፋን ካልተደረገለት ዕቃው ይቀቀላል። ይዤው የመጣሁት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ኬዝ ማለት ሣጥን ነው፤ መስታወት ኖረው አልኖረው ፍጥነት አይጨምርም። ልጁ በእጁ ሊሠራው የሚችለውን ነገር አጎት ለምን ይገዛል? አጎት መግዛት ያለበት ልጁ ሊሠራው የማይችለውን ነው።

«የማይችለው የትኛውን ነው?»

«ማሽኑንና መብራቱን።»

«መብራቱን እኔም አልችለውም» አለ ወዳጄ። «የሚገርመው ደግሞ ጉባ የገዛ ክልላችን ነው! ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የህዳሴው ግድብ ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት ሲባል እኔ ቁጥሩን በቃሌ ይዤ ለሰው ሁሉ ስናገር ነበር። እህቴ ቤት ግን ልጁ የቤት ሥራውን በስልክ ባትሪ ነው የሚሠራው።»

«ማመንጨት ሌላ፣ ቤት ማድረስ ሌላ። ከጉባ የሚወጣው 500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ አድርጎ ሆለታ ነው የሚገባው። በእህትህ ደጅ የምታልፈዋ ቀጭን ሽቦና እሱ በስም ብቻ ነው የሚገናኙት። ልጁ ደግሞ መስመሩ እስኪስተካከል ልጅ ሆኖ አይጠብቅም። ስለዚህ መብራት እንደሚሄድ አውቆ የተሠራ ኮምፒውተር ያስፈልገዋል።»

«ዩፒኤስ ልግዛለት?»

«አስላው እስቲ። ትንሹ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባትሪ ብዙ ጊዜ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ነው። ብታባዛው 84 ዋት ሰዓት። ዴስክቶፑና ሞኒተሩ አንድ ላይ 100 ዋት ቢበሉ፣ በወረቀት ላይ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ በተግባር ደግሞ የሩብ ሰዓት ነገር ነው፣ ባትሪው ሲያረጅ እሱም ይቀራል። ላፕቶፕ ግን ቀላል ሥራ ላይ 20 ዋት አካባቢ ነው የሚበላው፤ ባትሪውንም ይዞ ነው የተወለደው።»

«ላፕቶፕ ልግዛ እያልከኝ ነው? እሱን ብችል ምን አስጨነቀኝ!»

«ስክሪኑ የተሰበረውን ግዛለት።»

ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር አምጣልኝ ሲለኝ የተሰበረ ይዤ ልሂድ? ሰው ምን ይለኛል?» አለ።

ይሄ «ሰው ምን ይለኛል» የሚሉት ነገር ስንት ልጅ ከስንት ነገር እንዳስቀረ! የጥገና ቤት መደርደሪያ አይተህ ታውቃለህ? ላፕቶፕ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው ስክሪኑ ነው። የማስቀየሪያው ዋጋ ከማሽኑ ጋር ስለሚቀራረብ ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ ለጠጋኙ ይሸጠዋል። ውስጡ ግን ምንም አልሆነም፤ ፕሮሰሰሩ አለ፣ ራሙ አለ፣ ኪቦርዱ አለ፣ ዕድል ካለህ ባትሪውም ጤነኛ ነው። ልጁ የተሰበረውን ክዳን በካቻቪቴ ፈትቶ ያነሳና አሮጌ ሞኒተር በገመድ ይሰካበታል። ዴስክቶፕ ሆነ ማለት ነው፤ መብራት ሲሄድ የማይደነግጥ ዴስክቶፕ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ወዳጄ፤ ጣቱን አነሳ። «ሞኒተሩስ? መብራት ሲሄድ እሱ አይጠፋም?»

«ይጠፋል። ማሽኑ ግን ስለማይጠፋ የጻፈው አይበላበትም፤ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። አለበለዚያም የሞኒተሩን አስማሚ ጽሑፍ ያንብብ። አንዳንዱ በ12 ቮልት የሚሠራ ነው፤ እንዲህ ያለው በቴስተር ተለክቶ ከሶላር ባትሪ ሊሠራ ይችላል። 19 ቮልት ከሚለው ግን እጁን ያንሳ።»

«የማሽኑን ዕድሜ ደግሞ ስንት ልበል?»

እዚህ ላይ ጊዜው ለድሃ ተስማምቷል። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ለዊንዶስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ዊንዶስ 11 ደግሞ መራጭ ነው፤ በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር አይቀበልም፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ ቺፕም ይጠይቃል። ስለዚህ ምንም ያልጎደለው ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ማሽን ሀብታሞቹ አገር «ጊዜው ያለፈበት» ተብሎ ከቢሮ ይወጣል። ለእኛ ልጅ ግን ሊነክስ አለለት፤ ለምሳሌ ኡቡንቱ፣ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በነፃ የሚያድለው። ከዚያ አጎት ሆይ፣ አንድ ነገር አዲስ ግዛ፦ ኤስኤስዲ። የሚሽከረከረው አሮጌ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ሲያነብ ተራው ኤስኤስዲ 500 ገደማ ያነባል። የቀረው ሁሉ ያገለገለ ቢሆን ግድ የለም።

«ግራፊክስ ካርዱን ሲሰርዝ ያለቅሳል።»

«ያልቅስ፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ ይረሳዋል።»

ወደ ጠረጴዛው ስንመጣ ወዳጄ ነቃ አለ። እዚህ ላይ እሱም ባለሙያ ነው። ልጁ ሥዕሉ ላይ «ኤምዲኤፍ» ብሎ ጽፏል፣ ያንን የተጨመቀ የሰጋቱራ ጣውላ። «ከየት ሊያመጣው ነው?» አለ። «ሽመል በደጁ ቆሞ!»

ልክ ነው። የእኛ የቆላው ቀርከሃ፣ ሽመል የምንለው፣ እንደ ደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ አይደለም፤ ድፍን ነው ማለት ይቻላል። ለጠረጴዛ እግር ከእሱ የሚሻል የለም። ወዳጄ አሠራሩን በጣቱ ጠረጴዛው ላይ እየሣለ አስረዳኝ። እርጥቡን ቆርጠህ ወዲያው ከሠራህበት ሲደርቅ ይሰበስብና መገጣጠሚያው ይላላል። ስለዚህ መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ነቀዝ የሚወደው ውስጡ ያለውን ስታርች ነውና ውኃው ያንን ያወጣለታል። ከዚያ ጥላ ሥር ቆሞ ይደርቃል። ሚስማር በደረቁ ከመታህበት ከዳር እስከ ዳር ይሰነጠቃል፤ በጋለ ብረት ቀዳዳ አበጅተህ ነው የምታስገባው። መገጣጠሚያውን ደግሞ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ገመድ ጥፍር አድርጎ ማሰር። ላዩን ስንጥቅ ሽመል አስተኝቶ ጠፍጣፋ ነገር ማልበስ ነው።

«ምስጡስ?» አልኩት።

«አህ! እሱን ልጁ ከእኔ በላይ ያውቃል።» አሶሳና ዙሪያዋ ምስጥ ያላማረረው ቤት የለም። አራቱ እግሮች አራት የቲማቲም ጣሳ ውስጥ ይቆማሉ፤ ጣሳው ውስጥ ከጋራዥ የመጣ የተቃጠለ ዘይት። ምስጥ ዘይቱን ተሻግሮ አይወጣም። ጠረጴዛውን ከግድግዳው አራት ጣት ማራቅ ብቻ ነው የሚቀረው፤ አለበለዚያ በግድግዳው ዞሮ ይመጣል። ይህንን የትኛውም የዩቲዩብ ልጅ አይነግረውም።

«ከፍታው ክርኑ ላይ ይሁን» ብዬ ጨመርኩ። «ሞኒተሩን ደግሞ ብሎኬት ላይ ያስቀምጠው፤ የላይኛው ጠርዝ ከዓይኑ እኩል እንዲሆን። አንገቱ ይተርፋል። ዲቫይደሩንም መሬት ላይ አይጣለው፤ ከጠረጴዛው ሥር ይሰረው። መብራት ሲሄድ መንቀል፣ ሲመጣ ወዲያው አለመሰካት፤ ዕቃ የሚያቃጥለው ሲመጣ ድንገት የሚያሻቅበው ኃይል ነው።»

«የሚበራውን ኪቦርድ ግን በጣም ፈልጎታል።»

«የባጃጅ መብራት የለም እንዴ! ያ ሾፌሮቹ መስታወቱ ዙሪያ የሚለጥፉት ባለ ቀለም። 12 ቮልት ነው፤ ከዚያው ከሶላሩ ባትሪ ይጎትትና ከጠረጴዛው ጀርባ ይለጥፈው። ቪዲዮው ላይ ካለው ምን ያንሳል?»

ወዳጄ ግን ገና ልቡ አልሞላም። «አዲስ ታብሌት ብገዛለትስ? ቻርጅ ይይዛል፣ ያልተሰበረ፣ ንፁህ።»

ታብሌት ሲለኝ ወንጪ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2012 የ‹አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ› መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ለሚገኙ፣ ማንበብ ለማይችሉ ሕፃናት ሞቶሮላ ታብሌቶችን በካርቶን እንደታሸጉ፣ ያለ አስተማሪና ያለ መመሪያ አስቀመጡላቸው። ሰውየው እንደተናገሩት በአራት ደቂቃ አንዱ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ወር ደግሞ የተዘጋባቸውን ካሜራ ራሳቸው አስከፈቱት።

«ታዲያ! ይኸው!» አለ ወዳጄ።

«ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ በዚያ አልከራከርም። ወሬውን የነገረን ግን ዕቃውን ያቀረበው ሰውዬ ራሱ ነው፤ እኔ ገበያ ላይ ሻጭ ሲያወራ ትንሽ ቀንሼ ነው የምሰማው። ደግሞ ታብሌቱን በሶፍትዌር ከፈቱት እንጂ በካቻቪቴ አይደለም። በሙጫ የታሸገ ነገር ሲበላሽ ሆሞሻ ላይ ማን ይፈታዋል? የአንተ ልጅ ኮምፒውተር ልግዛ አላለህም፤ ልገጣጥም ነው ያለህ። ስክሪኑ የተሰበረው ላፕቶፕ ገና ሳይበራ ለመፈታት የተዘጋጀ ነው። ይፍታው፣ አቧራውን ይጥረግ፣ የደረቀውን ተርማል ፔስት ቀይሮ ይግጠመው። አንድ ብሎን ሊተርፈው ይችላል፤ መጀመሪያ ላይ ለማን ያልተረፈው አለ?»

ከርከዴው አልቋል። ወዳጄ ስልኩን አንስቶ ወደ ሆሞሻ ደወለ፤ ኔትወርኩ አልያዘለትም። በጽሑፍ ላከለት፦ «ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ አግኝቼልህ ብመጣ ይሆንሃል?»

መልሱ ቶሎ አልመጣም። «ተቀየመ» አለ ወዳጄ። «አላልኩህም?»

ሒሳብ ከፍለን ልንነሳ ስንል ስልኩ ጮኸ። አንብቦ ሲጨርስ ቅንድቡን ሰቅሎ ለእኔ አዞረው፦

«ይሆነኛል አጎቴ። ግን ሲገዙ ባዮሱ በፓስዎርድ እንዳልተቆለፈ አስከፍተው ይዩልኝ፤ የቢሮ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ይቆለፋሉ። ሞኒተር አንድ ሰው ጋ አግኝቻለሁ፣ ቪጂኤ ብቻ ነው ያለው። ላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ ብቻ ከሆነ መቀየሪያውንም ይጨምሩልኝ።»

«ባዮስ ምንድን ነው?» አለኝ ወዳጄ።

«ጥገና ቤቱ ሳይዘጋ እንሂድ» አልኩት፤ «መንገድ ላይ እነግርሃለሁ።»